«አሞኛል» ላለን ሰው ምን እንመልሳለን?

በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ባልና ሚስት ፍቅር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ነው። ዛሬ ግን ከቤታችን ውጭ የሚመስል፣ ነገር ግን ማታ ማታ በየቤታችን ገብቶ አብሮን የሚያድር አንድ ጉዳይ ላነሣ ወደድሁ። ሠራተኛ ሲታመም ምን ይሆናል? ደመወዙስ? ልቡስ? ከሁሉ በፊት ግን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ሳልናዘዝ ብጽፍ ብዕሬ እሺ አይለኝም።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ሉማሜ ነው። ከባላገር የመጣች የ19 ዓመት ልጅ ቤታችን ተቀጥራ ትሠራ ነበር። እጇ የማይሰንፍ፣ ልጆቼን እንደ ታናናሾቿ የምትይዝ፣ ያልጠየቅኋትን ሁሉ አስባ የምትሠራ ልጅ ነበረች። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ጭቃውንና ብርዱን የጎጃም ሰው ያውቀዋል። አንድ ቀን ጠዋት ነጠላዋን ተከናንባ ጓዳ በር ላይ ቆመችና «እትዬ፣ አሞኛል» አለችኝ።

በማግሥቱ ከደብረ ማርቆስ የሚመጡ የሴቶች ኅብረት እንግዶች ነበሩብኝ። እንጀራ አልተጋገረም፤ ቤቱ አልተሰናዳም። እኔም ግንባሯን እንኳ ሳልነካ «ትናንት ማታ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትስቂ አልነበረም እንዴ?» አልኋት። አንገቷን ደፍታ ተመለሰችና ምጣዱን ጣደች። በሦስተኛው ቀን እዚያው ምጣዱ አጠገብ ወደቀች። ጤና ጣቢያ ስንወስዳት ተስቦ ነው ተባለ። ዘጠኝ ቀን ተኛች። በዐሥረኛው ቀን እኔ የእግዚአብሔር ቃል ተማሪ፣ የመጋቢ ሚስት፣ ዘጠኙን ቀን ከደመወዟ ቀንሼ የቀረውን ከመሳፈሪያ ጋር ሰጠኋትና «ሲሻልሽ ትመለሻለሽ» ብዬ ወደ አገሯ ሸኘኋት። እውነቱን ልናገር፤ እንድትመለስ አላሰብሁም። ሌላ ሠራተኛ እንዲያገኙልኝ ከሁለት ቀን በፊት ለሰው ነግሬ ነበር።

በዚያው ዓመት ባለቤቴ በትርፍ አንጀት ሕመም ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ስድስት ሳምንት ከአገልግሎት ሲያርፍ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ደመወዙን ከፈለችው። ሽማግሌዎች እየተፈራረቁ ጠየቁት፤ እኅቶች ወተትና አጥሚት ይዘው መጡ። አንድም ሰው «በእርግጥ ታመህ ነው?» አላለውም። እኔም እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ሁለቱን ነገሮች ግን ጎን ለጎን አድርጌ አላየኋቸውም።

ያየኋቸው ለሴቶች ኅብረት ትምህርት ስዘጋጅ 1ኛ ሳሙኤል 30ን ሳነብ ነው። ዳዊት ወራሪዎችን ሲያሳድድ ሜዳ ላይ የወደቀ አንድ ግብፃዊ ወጣት ያገኛል። የአማሌቃዊ አሽከር ነው። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት እህልና ውኃ አልቀመሰም። እዚያ የወደቀበት ምክንያት ምን ነበር? ስለ ታመመ ጌታው ትቶት ሄደ፤ ሌላ ጥፋት አልነበረበትም (ቁ. 11-13)። መጽሐፍ ቅዱሱን ዘግቼ ተቀመጥሁ። አማሌቃዊው እኔ ነበርሁ።

ሠራተኛ ሲታመም ልቡ ምን ይላል?

ከዚያ ወዲህ በጸሎት ቡድናችን ውስጥ ያሉትን ባለትዳሮች ስለዚህ ጉዳይ እጠይቃቸው ጀመር። መምህራን አሉ፣ ነርሶች አሉ፣ የግል ድርጅት ተቀጣሪዎች አሉ፣ የቀን ሠራተኞችም አሉ። ከነገሩኝ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደጋገሙብኝ።

የመጀመሪያው ፍርሃት ነው። አንድ ወንድም በግል ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ለሳምንታት ደረቱን እየወጋው፣ እያሳለው፣ ማታ ማታ እያላበው ሥራ ገባ። ለአለቃው አልተናገረም፤ ለሚስቱም አልተናገረም። ሚስቱ የትራሱን ርጥበት አይታ ስትጠይቀው ተቆጣት። ሁለት ወር ሙሉ በዚያ ቤት ጠብ ነበር። እርሷ ሌላ ነገር የደበቃት መሰላት፤ እርሱ ግን የደበቀው ሳሉን ነበር። በመጨረሻ ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ተገኘበት። የሚያሳዝነው፣ ለሥራው ሲል የደበቀው ሕመም አጠገቡ ለሚቀመጡትም ሆነ ለልጆቹ አስጊ መሆኑ ነው። የነቀርሳ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል። መድኃኒቱን በትክክል የጀመረ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ወደ ሌላ የማስተላለፉ ነገር እጅግ ይቀንሳል፤ አቅሙ ከፈቀደም ሐኪሙን አማክሮ ሥራውን መቀጠል ይችላል። ቶሎ ቢናገር ኖሮ የሚያጣው ጥቂት ሳምንት ነበር። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህ ነው። በ2012 ዓ.ም ኮሮና አገራችን ሲገባም የሚያስለውን ሰው «ቤትህ ተቀመጥ» ማለት ለቀሩት ሠራተኞች ሁሉ ጥበቃ እንደ ሆነ ሁላችንም ተምረን ነበር፤ ቶሎ ረሳነው እንጂ።

ሁለተኛው ኀፍረት ነው። በተለይ ሴቶች የሕመማቸው ዓይነት ወረቀት ላይ ተጽፎ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ይሳቀቃሉ። «የማኅፀን ነገር ነው ብዬ ለወንድ አለቃዬ እንዴት ልንገረው?» ያለችኝ እኅት አለች። ፈቃድ ከመጠየቅ ይልቅ በዓመት ዕረፍቷ ታከመች፤ ዕረፍቷም አለቀ፤ ሕመሟ ግን አላለቀም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያመው አለመታመን ነው። ሰው ታሞ ሲናገር ፊታችን ላይ «ውሸት ነው» የሚል ሲያነብብ ከሕመሙ ይልቅ ያ ይጎዳዋል። አንዳንድ ድርጅቶች፣ በልብስ ፋብሪካዎችም ጭምር፣ ወሩን ሙሉ ላልቀረ ሠራተኛ ተጨማሪ ገንዘብ ይሰጣሉ። ሐሳቡ ትጉሁን ለማበረታታት ነው። ሆኖም አንድ ቀን ታሞ የቀረና አንድ ቀን ሰክሮ የቀረ እኩል ሲቀጡ ጥቂት ደመወዝ ያላት ልጅ ትኩሳቷን ይዛ ወደ ማሽኗ ትገባለች።

በፊልጵስዩስ 2 ላይ ስለ አፍሮዲጡ የተጻፈውን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ለሞት እስኪቃረብ ታሞ ነበር፤ ሲጨነቅ የነበረው ግን መታመሙን እነርሱ ስለ ሰሙ ነው (ቁ. 26)። የሠራተኛ ልብ ይህ ነው። የተላከበትን ሥራ ሳይፈጽም የሚመለስ ሰው «ሰነፈ ይሉኝ ይሆን?» ብሎ ይፈራል። ጳውሎስም ፍርሃቱን ስለሚያውቅ ዝም ብሎ አልላከውም፤ በደስታ እንዲቀበሉትና እንዲያከብሩት በደብዳቤ አደራ አለ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፍ አለቃ ምንኛ የተባረከ ነው!

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙዎቻችን መብታችንንም ግዴታችንንም ሳናውቅ እንጣላለን። በግል ድርጅትና ለትርፍ በቆሙ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩትን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከሥራ በመጣ ጉዳት ሳይሆን እንዲሁ ለሚታመም ሠራተኛ በአንቀጽ 85 እና 86 እንዲህ ተደንግጓል።

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ የማግኘት መብት አለው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ፈቃዱ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ፣ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ ነው፤ ቀጣዩ 2 ወር በግማሽ ደመወዝ ነው፤ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ደመወዝ ነው።

ይህን በቤት ሒሳብ እንየው። ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ባል ስድስት ወር ቢታመም በመጀመሪያው ወር 6,000፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር 3,000፣ 3,000 ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። በጤናው 36,000 ብር በሚገባበት ስድስት ወር ውስጥ 12,000 ብር ብቻ ገባ ማለት ነው። ይህም የመድኃኒት ወጪ ሳይቆጠር ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት በጤናቸው ሳሉ የሚያስቀምጡት ጥቂት ገንዘብ እምነት ማጣት አይደለም። ዕድራችን በሞት ቀን ይደርስልናል፤ በአልጋ ላይ ለምንቆይበት ወር ግን ብዙ ጊዜ አልተዘጋጀም። በ2003 ዓ.ም በአማራ ክልል ጭምር በ13 ወረዳዎች ሙከራው የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለአርሶ አደሩና በግሉ ለሚሠራው ሰው የሕክምናውን ወጪ ይጋራል፤ የቀረውን የሥራ ቀን ግን አይከፍልም። ሁለቱን ለይታችሁ ዕወቁ።

ሠራተኛውም ግዴታ አለበት። አሠሪው በሌላ መንገድ ማወቅ ካልቻለ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ ከሥራ በቀረ በማግሥቱ መታመሙን ማሳወቅ ይኖርበታል። መንገድ በሚዘጋበትና ስልክ በማይሠራበት ጊዜ የ«ማይቻል» ትርጉም ለእኛ አካባቢ ሰው ማብራሪያ አያሻውም፤ ሲከፈት ግን በቶሎ ተናገሩ። እውቅና ካለው የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃም ማቅረብ አለበት። ያለ በቂ ምክንያት በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን የቀረና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሠራተኛ ግን ውሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊቋረጥ ይችላል። በዓመት ዕረፍት ላይ ሳሉ ለታመሙም የሕመም ፈቃድ ድንጋጌው ይሠራል፤ ስለዚህ ያቺ እኅት ዕረፍቷን መሠዋት አልነበረባትም።

መምህራን፣ ነርሶችና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሲቪል ሰርቪስ ሕጉ ስለሆነ የእነርሱ ቀን አቆጣጠር ከዚህ ይለያል። የመሥሪያ ቤታችሁን የሰው ሀብት ክፍል በጤናችሁ ሳላችሁ ጠይቁ።

በሌላው ዓለምም ነገሩ አንድ ዓይነት አይደለም። ጀርመን በ1883 እ.ኤ.አ. የሠራተኞች የሕመም ዋስትና ሕግ ያወጣች አገር ናት፤ ዛሬም ሠራተኛ ሲታመም አሠሪው እስከ 6 ሳምንት ሙሉ ደመወዝ ይከፍለዋል። ባለጠጋዋ አሜሪካ ግን የግል ሠራተኛውን ሁሉ የሚሸፍን፣ ደመወዝ የሚከፈልበት አገር አቀፍ የሕመም ፈቃድ ሕግ የላትም። ስለዚህ እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን «ካልሠራሁ አይከፈለኝም» ሲሉን ጭካኔ አይምሰለን፤ ብዙዎቹ እውነታቸውን ነው።

ለሠራተኛው ወገኔ

እውነተኛ ሁን፤ እውነተኛ ሁኚ። ሠርግ ላይ ለመዋል፣ ማሳ ለማሳጨድ ወይም በሌላ ሥራ ገንዘብ ለማግኘት ሲባል የሐኪም ወረቀት በጉቦ የሚያወጡ እንዳሉ እናውቃለን። ከመካከላቸው የእኛ ሰዎች እንደማይጠፉ ሳስብ አፍራለሁ። የሐሰት ማስረጃ ሥራን ያሳጣል፤ በወንጀልም ያስጠይቃል። ከዚህም የከፋው፣ ነገ በእውነት የሚታመመውን ሰው ወረቀት ያረክሰዋል። አለቃ ሁሉን መጠርጠር የሚጀምረው በጥቂቶች ሐሰት ነው።

ለጸሎት የሄዳችሁበት ቀንም በራሱ የሕክምና ማስረጃ አይሆንም። የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ጠበል ሰንብተው ሲመለሱ ወረቀት እንደሚጠየቁት፣ የእኛም ሰው በጸሎት ቤት ሰንብቶ ሲመለስ ይጠየቃል። ጸልዩ፤ እኛም እንጸልይላችኋለን። ነገር ግን ወደ ሐኪም መሄድን እምነት እንደ ማጉደል አትቍጠሩት። አስቀድማችሁ ታከሙ፤ ማስረጃችሁን ያዙ፤ ከዚያ በሰላም ጸልዩ።

ባለትዳሮችም ሆይ፣ ሕመምን ለትዳር ጓደኛችሁ አትደብቁ። «እንዳትጨነቅ ብዬ ነው» የሚለው ቃል ፍቅር ይመስላል፤ በዚያ ወንድም ቤት ግን ሁለት ወር ጠብ ወለደ።

አሠሪ ለሆንነው

«እኔ አሠሪ አይደለሁም» የምትይ እኅቴ፣ ጓዳሽን ተመልከቺ። እንጀራ የምትጋግርልሽ፣ ልጅሽን የምታዝልልሽ ልጅ አለች? እንግዲያው አሠሪ ነሽ። የሚያሳዝነው፣ አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ አውጥቶ የሥራ ሁኔታው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ይተወዋል። ስለዚህ ከላይ የዘረዘርሁት አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ እርሷን አይጠብቃትም። የዓለም የሥራ ድርጅት የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተውን ስምምነት ቁጥር 189 ያወጣውም እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ የቤት ሠራተኛ በዓለም ሁሉ ሕግ ዘግይቶ የሚደርስላት ሰው ናት። ሆኖም በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ከአሠሪው ቤት የሚኖረውን ሠራተኛ ጤና ለመጠበቅ አሠሪው ተገቢውን እንዲያደርግ ያዝዛል። ሕግ የማይደርስበት ጓዳ ውስጥ ደግሞ ጌታ ያያል። የሰማይ ጌታ ለእኛም ለእነርሱም አንድ እንደ ሆነ፣ እርሱም ለፊት እንደማያዳላ ኤፌሶን 6፥9 ላይ ተምረናል።

አጥቢያዎቻችንም ራሳችንን እንጠይቅ። አዋጁ የሃይማኖት ድርጅቶች የሚመሠርቱት የሥራ ግንኙነት ከሕጉ ውጭ እንዲሆን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ሊወስን እንደሚችል ይናገራል። ይህ ግን ለእኛ የማምለጫ በር ሊሆን አይገባም። መጋቢው ሲታመም ወተት ይዘን እንሮጣለን፤ ጥበቃው አባባ ሲታመሙስ? ወንበር የምትወለውለው እናትስ? በሩቅ ቀበሌ በጥቂት ብር የሚያገለግለው ወንጌላዊስ? ዓመታዊ በጀታችን ውስጥ ለታመመ አገልጋይ የተያዘ አንድ መስመር አለ?

የእግዚአብሔር ቃል በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በዘጸአት 21፥18-19 ሰውን መትቶ አልጋ ላይ ያስቀመጠ ሰው ማሳከም ብቻ ሳይሆን ሥራ የፈታበትን ቀን ዋጋም እንዲከፍል ታዝዟል። ሰው ተኝቶ የሚያሳልፈው ቀን ዋጋ እንዳለው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ታውቆ ነበር ማለት ነው። በሉቃስ 7 ያለው የመቶ አለቃ ደግሞ አሽከሩ ሲታመም ሌላ አሽከር አልፈለገም፤ የሚፈውሰውን ጌታ ፈለገ። ያን ሁሉ ሽማግሌ የላከው ስለ አንድ የታመመ አሽከር ነው።

እንግዲህ «አሞኛል» ያለን ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ግንባሩን እንንካ፤ ከዚያ እናሳክመው፤ ደመወዙን አንቍረጥ፤ እስኪሻለውም ሥራውን ራሳችን እንሸፍንለት። አንዳንዴ እንታለል ይሆናል። አንዲት ልጅ አንድ ቀን አታልላኝ ብትተኛ የማጣው የአንድ ቀን እንጀራ ነው። እውነተኛዋን ሐሰተኛ ብዬ ምጣድ ላይ ብጥላት ግን የማጣው ምን እንደ ሆነ አይቻለሁ።

ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርሁት። ብዙ ዝም አለና «ገንዘቡን ዛሬውኑ ፈልገሽ ላኪላት፤ ይቅርታውን ግን በሰው አትላኪ» አለኝ። የዘጠኙን ቀን ደመወዝና ስትታመም ከኪሷ ያወጣችውን የመድኃኒት ዋጋ አሰባሰብሁ። ልጅቷ አዲስ አበባ ሄዳ ኖሮ ስልኳን ያገኘሁት በብዙ ልፋት ነው። ደወልሁላትና ይቅርታ ጠየቅሁ። መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥላም «እትዬ፣ ብሩስ ይቀር ነበር። እኔን የከፋኝ ውሸቷን ነው ብለው ማሰብዎ ነው» አለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። እኔም አላስቸኮልኋትም። አሁን ቤታችን የምትሠራውን ልጅ ግን ሲያማት ትነግረኛለች፤ ያቺ ልጅ ያስተማረችኝ ይህን ነው።

ማታ አብራችሁ ተነጋገሩ

1. ባለቤትሽ ወይም ባለቤትህ በሥራ ቦታ ሲታመሙ ለማን ይናገራሉ? የሚፈሩት ምንድን ነው?

2. ከመካከላችን አንዳችን ሦስት ወር ብንተኛ ቤታችን በምን ይኖራል? ከዚህ ወር ጀምረን ምን ያህል ማስቀመጥ እንችላለን?

3. በቤታችን ለምትሠራው ልጅ ስትታመም ምን እንደምናደርግላት አስቀድመን ነግረናታል? ካልነገርናት መቼ እንነግራታለን?

4. ታምሞ ሳለ ያላመንነው፣ ወይም ደመወዙን የቈረጥንበት ሰው አለ? ስልኩን ከየት እናገኛለን?

ጌታ የታመሙትን ይፈውስ፤ እኛንም የምናምንና የምንታመን ያድርገን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑልኝ።